ለአስፋልት የቀረበች ንብ

ንብ ካርታ ታነባለች?

ጥያቄው የታላቅ እህቴ ነው። ባሕር ማዶ ካርታ ስማር አንድም መምህር እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቀኝም። እህቴ የምትተዳደረው ከቤቷ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ በደረደረቻቸው ቀፎዎች ነው። መሥሪያ ቤታችን ደግሞ ለንብ እርባታ የሚስማማውን መሬት በካርታ ለይቶ፣ ከአረንጓዴው ክልል ውጪ ለሚገኝ ቀፎ ፈቃድ ላይሰጥ ወስኗል። ካርታውን የምሠራው እኔ ነኝ።

እሷም የእናቴ ልጅ እየሠራው ምን ያስፈራኛል ብላ እፎይ አለች።

ሥራው ከባድ አይደለም። ዕፅዋቱ፣ ውኃው፣ ነፋሱ፣ መንገዱ ለየብቻ ይሣሉና አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ። የትኛው ይበልጥ እንደሚመዝን ግን ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ባለሙያ ይወስናል። ስለዚህ ተሰበሰብን። የንብ ባለሙያው አልነበረም፤ ለስብሰባ አመራር ሥልጠና ሄዷል። ወንበሩ ላይ የመንገዱ መሐንዲስ ኮቱን አስቀመጠበት።

መሐንዲሱ መንገድ የልማት ሁሉ እናት መሆኑን አስረዳ። የውኃ ባለሙያዋ ውኃ ስትል ቧንቧ ማለቷ ነበር፤ ምንጭ የእሷን ክፍል አይመለከትም። አበባ የማን ክፍል እንደሆነ ስላልታወቀ ለይሉኝታ ያህል ትንሽ ነጥብ ተሰጠው። ኃላፊው፣ ጎብኚ ሲመጣ መኪናው እስከ ቀፎው መድረስ አለበት አሉ። ንብ ክንፍ አላት እንጂ መኪና አትሳፈርም ልል እጄን አነሳሁ።

«አያችሁ፣ ውጭ የተማረውም ደገፈን» አሉ ኃላፊው።

ሁሉም ፈገግ ብሎ አየኝ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ እጄ ለድጋፍ ተቆጠረ።

ካርታው ሲያምር ለጉድ ነው። በአበባ ተሸፍኖ የሚከርመው የእህቴ ኮረብታ ደም መሰለ። አረንጓዴው ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ተንጣለለ። ኃላፊው በትልቁ አሳትመው ቢሮአቸው ሰቀሉት።

እህቴ መጥታ ከካርታው ፊት ቆመች።

«ይሄ ቀዩ እኔ ነኝ?»

«ነሽ።»

«ንቦቼ ማደያው ጋ ምን ሊቀስሙ ነው? ናፍጣ?»

ነገሩ ሳይንሳዊ መሆኑን ነገርኳት። ኃላፊው አጠገባችን ቆመው ነበር።

«እኔ ሳይንሱን አላውቅም» አለች። «አንተን ነው የማውቀው። ታምንበታለህ?»

«አምናለሁ፣ እታለም።»

«እንግዲያው ቀፎዎቹን አነሳቸዋለሁ።»

አንስታ ማደያው ጀርባ ደረደረቻቸው። ብዙም ሳይቆይ የአዲሱ ቦታ ምረቃ ተባለና እንግዶች መጡ። መኪናቸው ያለ አንዳች እንግልት እስከ ቀፎው ደረሰ፤ በዚህስ ካርታዬን የሚያማው የለም። እህቴ ክዳኑን ስታነሳ ውስጡ ባዶ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ባዶ። ንቦቹ ኮብልለዋል።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ንብ ታታሪ ፍጥረት በመሆኗ በሥራ ሰዓት ቤት እንደማትገኝ ለእንግዶቹ አብራሩ። ተጨበጨበ። መሐንዲሱ ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበ። እህቴ የንብ ማጨሻዋን እንደያዘች እኔን ብቻ አየችኝ። ከዚያ ክዳኖቹን አንድ በአንድ መልሳ ገጠመችና በአስፋልቱ ዳር በእግሯ ሄደች።

ቤት ገብቼ መልእክት ጻፍኩላት፤

«እታለም፣ ለካ ንብ ካርታ ታነባለች። አንብባው ነው የሄደችው። እኔ አላመንኩበትም ነበር፤ ሰው ፊት ማፈር ፈርቼ ነው። ነገ መጥቼ ቀፎዎቹን ወደ ኮረብታው ልመልስልሽ?»

መድረሱን ስልኬ አሳይቶኛል። ማንበቧንም እንዲሁ። መልስ ግን አልመጣም።