የማትንቀሳቀሰው ነጥብ

ፋርማሲስቷ አሥራ ዘጠኙን ወረቀቶች በመድኃኒት ቤቷ የኋላ ክፍል ጠረጴዛ ላይ በቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ትልቅ ክብ አለ፤ ክቡ ፀሐይ ናት። በክቡ ውስጥ በቀጭን እርሳስ የተነጠቡት ደግሞ በፀሐይ ፊት ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። ፀሐይ በራሷ ዙሪያ ስለምትሽከረከር ነጠብጣቦቹ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተሻግረው ከዓይን ይሰወራሉ። ይህን የሥነ ፈለክ ክበቡ አዲስ አባል እንኳ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል። ታዲያ በስተቀኝ ከታች ያለችው አንዲት ነጥብ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ከቦታዋ ንቅንቅ ያላለችው ምን ሆና ነው?

ፋርማሲስቷ ማስመሪያ አምጥታ ለካች። ከክቡ ጠርዝ ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር፤ በመጀመሪያው ወረቀት ላይም በመጨረሻውም ሠላሳ አንድ። ሌሎቹ እንደ ወጉ ሲጓዙ ይህቺ ግን የአባቷን ርስት እንደያዘች ሴት ተደላድላ ተቀምጣለች።

ወረቀቶቹን የሣሉት ሰዓት ሠሪው ናቸው፤ የሥነ ፈለክ ክበቡ መሥራችና ሊቀ መንበር። ደመና ካልከለከላቸው በቀር ለአሥራ ሁለት ዓመት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጣራቸው ላይ ይወጣሉ፤ የፀሐይዋን ምስል በቴሌስኮፑ አሳልፈው ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉና ያዩትን በእርሳስ ይነጥባሉ። ለአባላቱ ሁሉ ሰማይን ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ፋርማሲስቷም ባሏ ሞቶ ቤቱ የጠበባት ጊዜ እጇን ይዘው ጣራ ላይ ያወጧት እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የምታያቸው እንደ አባቷ ነው። ነገሩ የከነከናትም ለዚህ ነው።

አቧራ ነው እንዳትል መንገዱ ዝግ ነው። በዓይን ሌንሱ ላይ ያረፈች የአቧራ ቅንጣት ወረቀቱ ላይ ቁርጥ የፀሐይ ነጠብጣብ መስላ ትታያለች፤ መላው ግን ቀላል ነው። ከመሣል በፊት ሌንሱን በእጅ ዞር ማድረግ ነው። ነጥቧ አብራ ከዞረች አቧራ ናት፤ ካልዞረች የፀሐይ ናት። በየወረቀቱ ግርጌ «ሌንሱ ዞሯል» የሚል ሣጥን አለ፤ ሰዓት ሠሪው በአሥራ ዘጠኙም ላይ ምልክት አድርገዋል። እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለማሰብ እንኳ አፈረች። ሰውዬው ጣራ አይወጡም ማለት ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው የትናንቱን ነጠብጣቦች በግምት ፈቀቅ እያደረጉ ይነጥባሉ፤ አንዷን ማስኬድ ረስተዋል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን አይታ እንዳላየች ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን ሐሙስ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የክበቡ ስብሰባ አለ። የፀሐይን መዝገብ ከየአገሩ የሚሰበስብ አንድ የጥናት ማዕከል የአሥራ ሁለት ዓመቱን ሥዕሎች ላኩልን ብሏል፤ ሁሉም በዓይን ታይተው የተሣሉ መሆናቸውንም የክበቡ ጸሐፊ በፊርማዋ ታረጋግጥ ብሏል። ጸሐፊዋ እሷ ናት። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሦስት ቴሌስኮፕ ይተከላል፣ ሦስት መቶ ሰው ይጠበቃል፤ በመድኃኒት ቤቷ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ የሰዓት ሠሪው ስም በመሪነት በትልቁ ተጽፏል።

አራት ሰዓት ከዐሥር ላይ ቤታቸው ደወለች። ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ጋሼ አሉ?»

«ተኝቷል ልጄ።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ተኝቷል አልኩሽ እኮ» ብለው ዘጉት።

ስልኩን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ሄደች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ለምልክት እንኳ አንዲት ደመና የለችም። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የሸጠችውን መድኃኒት ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችው፤ በራሷም እምነት አጥታ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቆልፋ ወጣችና ሰዓት ቤቱ ደረሰች። ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽራቸውን በአንድ ዓይናቸው ነክሰው ጠባቧ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረዋል። አንድ ደንበኛ በመስኮቱ በኩል ሰዓቱን ይጠይቃል።

«ነገ ናና ውሰድ» አሉት።

«ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ቃሌን ለወጥኩ?» አሉ፤ ደንበኛው እየሳቀ ሄደ። ፋርማሲስቷ አልሳቀችም። ስትገባ ሰዓት ሠሪው ከፊታቸው የነበረች ብጣሽ ወረቀት ላይ መዳፋቸውን ከደን ሲያደርጉ አይታለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእሷ አንድ ነገር ሲሸሽጉ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ዛሬ ሣሉ ጋሼ?»

«ሣልኩ እንጂ።» መሳቢያቸውን ስበው የዛሬውን ወረቀት ሰጧት። የተጻፈበት ሰዓት አራት ከዐሥር ይላል። ሣጥኑ ላይ ምልክት አለ። ነጥቧም እዚያው ርስቷ ላይ አለች፤ ሃያኛ ቀኗ።

«በአራት ከዐሥር ስደውል እትዬ ተኝተዋል አሉኝ።»

ማጉያውን ከዓይናቸው አወጡ። ወደ ኋላ በር አየት አደረጉና «እሷ ሰው በደወለ ቁጥር ተኝቷል ነው መልሷ» አሉ። «አንድ ቀን ሞቷል ብላ እንዳታስለቅሳችሁ ነው የምፈራው።»

ቀልዳቸው እንደ ድሮው ነው፤ ዓይናቸው ግን ከዓይኗ ይሸሻል። መዳፋቸውም ብጣሿ ላይ እንዳለ ነው። ይሄን ያህል ዓመት አምኜ የኖርኩት ሰው እንዲህ ነው እንዴ፣ አለች በሆዷ፤ ሳትሰናበት ወጣች። መንገድ ላይ የቆዩትን ወረቀቶች ሁሉ አንድ በአንድ መጠርጠር ጀመረች። ስንቱ ቀን እውነት ነበር? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቀመጠችው መዝገብ በጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ ፀሐይ ቢሆንስ? ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ወለሉንም ግድግዳውንም መብላቱ አይቀርም፤ እሷንም እንደዚያ አደረጋት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳትደውል ቤታቸው ሄደች። ባለቤታቸው ደረጃው መነሻ ላይ ቆመው መንገዱን ዘጉባት።

«ዛሬ አይመችም ልጄ። ሌላ ቀን ነይ።»

«ጣራው ላይ ናቸው?»

«አይመችም እኮ ነው የምልሽ።»

«እትዬ፣ ምንድነው የምትደብቁኝ?» አለች። ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ። በዕድሜዋ ሙሉ ሽማግሌ ገፍታ አታውቅም፤ ዛሬ በጎናቸው ሾልካ ደረጃውን ወጣች።

ሰዓት ሠሪው ቴሌስኮፑ ሥር ቆመዋል። ለካ ጣራው ላይ ይወጣሉ። በቴሌስኮፑ ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች ብጣሽ ወረቀቶች ተለጥፈዋል፤ ሰዓት ቤቱ ውስጥ በመዳፋቸው የከደኗት ዓይነት። ጽሕፈቱ የባለቤታቸው ነው። «ክዳኑን አንሳ።» «ወረቀቱን አስቀምጥ።» «ቀንና ሰዓት ጻፍ።» «ሌንሱ ዞሯል የሚለው ላይ ምልክት አድርግ።» «ሣል።» «ክዳኑን መልስ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሴትዮዋ ስለ ሰማይ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የወረቀቱን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አይተው ትእዛዙን ለባላቸው ገልብጠውላቸዋል። ሌንሱን አዙር የሚል ቅጹ ላይ የለም፤ ማንም ሰው ሳይነገረው የሚያደርገው ነገር ነውና። ያለው ምልክቱ ብቻ ነው።

«ማን ነው?» አሉ ሰዓት ሠሪው ዞር ብለው። «አንቺ ነሽ? እንኳን መጣሽ። አሁን ልሥል ነው።»

«ጠዋት ሥለው የለ ጋሼ?»

ጣታቸው ብጣሾቹ ላይ ወርዶ «ሌንሱ ዞሯል» የሚለው ላይ ቆመ፤ ሣጥኑ ላይ ምልክት አደረጉና እርሳሳቸውን አነሱ። ምስሉ ነጩ ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ወድቋል፤ ነጠብጣቦቹ አሉ፣ ያቺም አለች። ፋርማሲስቷ እጇን ሰደደችና ሌንሱን በቀስታ አዞረችው። ነጥቧ ከተቀመጠችበት ተነስታ በፀሐይዋ ፊት ላይ ግማሽ ክብ ዞረች።

«አቧራ ናት» አሉ ሰዓት ሠሪው ወዲያው። አንድም ሰከንድ አልፈጀባቸውም፤ የሚያውቁት ነገር ሁሉ እዚያው አለ፣ መንገዱ ነው የጠፋባቸው። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጠው የጣራው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «ስንት ቀን?»

«ሃያ።»

«ሃያ ቀን አቧራ ስሥል ከረምኩ በይኛ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ፋርማሲስቷ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጠዋት ውሸታም ያለቻቸው ሰው ውሸት የሚባል ነገር አልነካቸውም፤ ሃያውንም ቀን በዓይናቸው ያዩትን ነው የሣሉት። ያፈረችው በራሷ ነው። እፍረቱ ሳይለቃት ግን ከእሱ የከፋ ፍርሃት መጣባት።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ…»

«አውቃለሁ» አሉ። ጠዋት ጠዋት ወረቀት ላይ የሚያርፈው ምስል ማንንም አይጎዳም። ቅዳሜ ግን ሰው ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ደቅኖ ፀሐይዋን በቀጥታ ነው የሚያየው። ከቴሌስኮፑ ፊት ለፊት የሚገጠመው፣ የፀሐይን ብርሃን የሚቀንሰው ማጣሪያ ለአንድ አፍታ ቢረሳ ያየው ሰው ዓይኑ ከውስጥ ይቃጠላል፤ ሕመም እንኳ አይሰማውም፣ የሚያውቀው በማግስቱ ነው። ይህን ፋርማሲስቷም ሰዓት ሠሪውም እኩል ያውቁታል። «የሰው ልጅ ዓይን አጥፍቼ ብሞት አጥንቴ አያርፍም። አንቺ ምሪው።»

ሰዓት ሠሪው ከእንጨት ሣጥናቸው ሦስቱን ማጣሪያዎች አውጥተው በጨርቅ ጠቀለሏቸውና ቦርሳዋ ውስጥ በገዛ እጃቸው አስገቡላት። ሣጥኑን ዘጉት። ከዚያ እጇን ጭምቅ አድርገው ያዙ።

«ለማንም እንዳትነግሪ። ያ ክበባችን ውስጥ የማይወደኝ የጥርስ ሐኪም ሲያዝንልኝ ማየት አልፈልግም። ማይልኝ።»

«ጋሼ…»

«ማይልኝ አልኩሽ።»

«እርስዎ ይሙቱ፣ ለማንም አልናገርም» አለች። ወደ ታች ስትወርድ ባለቤታቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፊቷን አይተው ሁሉንም አወቁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ የሚሆኑ አባላት በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ በተማሪ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ሰዓት ሠሪው የእንጨት ሣጥናቸውን ይዘው መጥተው እንደ ሁልጊዜው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ለሁሉም በየተራ ቀልድ አላቸው። ፋርማሲስቷ ጎናቸው ሆና ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። መጀመሪያ የማዕከሉን ደብዳቤ አነበበች፤ የመጨረሻዎቹ ሃያ ወረቀቶች ላይ አንዲት የአቧራ ነጥብ እንዳለች ማስታወሻ ጨምራ እንደምትፈርም ተናገረች፤ ማንም ብዙም አላሰበበት። ቀጥሎ መጪዎቹን ዝግጅቶች ዘረዘረች፤ ለጀማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚጀመር፣ በወሩ መጨረሻ ጨረቃን ለማየት ከከተማ ወጣ እንደሚባል። ድምፅዋን አስተካከለች።

«የቅዳሜውን ዝግጅት ቴሌስኮፖቹንም ጨምሮ የምመራው እኔ ነኝ። ጋሼ በክብር እንግድነት ተቀምጠው ስለ ግርዶሹ ያወሩልናል።»

የጥርስ ሐኪሙ እስክሪብቶውን በጣቶቹ መካከል አሽከረከረ። ከሰዓት ሠሪው ጋር ሆድና ጀርባ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ፊቱን ያጠቆረው በእሷ ላይ ነው።

«በማን ውሳኔ እህቴ?»

ፋርማሲስቷ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረች። አንድ ቃል ከእሳቸው ይበቃ ነበር። ሰዓት ሠሪው ግን የሚያዩዋት እንግዳ ነገር እንደሰማ ሰው ነው፤ ግንባራቸው ተቋጥሯል፣ አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል። በእሷና በእሳቸው መካከል ጣራው ላይ ከተባለው ነገር ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

«ምን አጥፍቼ ነው ልጄ?» አሉ።

ብዕሯን ቃለ ጉባኤው ላይ አኖረች። ሰዓት ሠሪው ሣጥኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ለቅዳሜ እኮ ሁሉንም አሰናድቻለሁ፤ ማጣሪያዎቹንም ይዤ መጥቻለሁ፣ ይኸው» ብለው ከፈቱት። ባዶ ነው። እጃቸውን አስገብተው የሣጥኑን ጥግ ሁሉ ዳሰሱ፤ ከዚያ ቀና ብለው አባላቱን አዩ። «ማጣሪያዎቼ የሉም።»

«እኔ ጋ ናቸው» አለች ፋርማሲስቷ።

ከኋላ ወንበሮች ጉምጉምታ ተነሳ። የጥርስ ሐኪሙ «እንዴት አንቺ ጋ ሄዱ?» አለ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ክፍሉ በሙሉ ያምናታል። ግን በሞታቸው ምላለች። ሰዓት ሠሪውም እዚያው አጠገቧ ነበሩ፤ በሃያ ሰው ፊት ያን ዓረፍተ ነገር የሚሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል።

«እኔ ነኝ የወሰድኳቸው» አለች። «መምራት ስለፈለግሁ።»

ሰዓት ሠሪው ወደ እሷ ዞሩ። ጠዋት እሷ ሥዕሎቻቸውን ባየችበት ዓይን ነበር የሚያዩዋት።

«ለካ ለዚህ ነው» አሉ በዝግታ፣ «ዛሬ ሰዓት ቤቴ ድረስ መጥተሽ የጠየቅሽኝ።»

ማንም አልተናገረላትም። ሰዓት ሠሪው ባዶውን ሣጥን ዘጉና ሁለት እጃቸውን ክዳኑ ላይ አኖሩ።

«ቃለ ጉባኤ ያዢው አንቺ አይደለሽ? ሊቀ መንበሩ ተቃውመዋል ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች።