የጉልቤ ናሙና
የምሠራበት ላቦራቶሪ የውሻ ሰገራ ይመረምራል። መሳቅ ይቻላል፤ ለምጄዋለሁ። የምናጠናው በውሾች አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በዘር ምን ያህል እንደሚለያዩ ነው። አጥር ለአጥር የሚኖሩ ሁለት ውሾች እንኳ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይኖራቸውና ዘረመሉ ሲነበብ ለየቅል ሆኖ ይገኛል።

እኛም ሠራተኞቹ የራሳችንን ናሙና ሰጥተናል። የአንዳችን ባክቴሪያ ከውሻ ናሙና ውስጥ ከተገኘ እጃችን ገብቶበታል ማለት ነው፤ ናሙናው ይጣላል።

የጉልቤን ናሙና ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጉልቤ የእናቴ ውሻ ነው፤ ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ከድመት አይበልጥም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ባዶ ቤት ቀርቷል። ወንድሜ ቅዳሜ ለሰው ሊሰጠው ቆርጧል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር ይቀፈኝ ነበር። እማዬ የራሷን ማንኪያ ስታስልሰው ባየሁ ቁጥር እጮህባት ነበር።

ውጤቱ እንደደረሰ አለቃዬ ጠራችኝ።

"አንቺ፣ ጓንት ማድረግ ተውሽ እንዴ? ጉልቤ ውስጥ የተገኘው ያንቺ ነው።"

ደሜ ፈላ። "ካላመንሽኝ ሌላ ሰው ይውሰዳ!"

ባልደረባዬ እኔ በሌለሁበት ሄዶ ሌላ ናሙና ወሰደ፤ እኔ ሳልጠጋው መረመረ። ያው ሆነ።

አለቃዬ መነጽሯን አወለቀች። "ከውሻው ጋር ኖረሽ ታውቂያለሽ?"

"በፍጹም! እሱ ሲመጣ እኔ ከቤት ወጥቻለሁ።"

"ታዲያ ከማን ጋር ነበር የሚኖረው?"

"ከእና..." ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

የእኔንና የጉልቤን ባክቴሪያ የዘረመል ንባብ ጎን ለጎን አሳየችኝ። ከዚያ ሁሉ ፊደል የሚለያዩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። "አንቺ ስትወለጂ፣ እሱ ደግሞ አብሯት ሲኖር፣ ሁለታችሁም ከእሷ ሳትወስዱት አልቀራችሁም" አለች።

ከቀብር ስንመለስ ከእማዬ ምንም የተረፈ አልመሰለኝም ነበር። ለካ እሷ ውስጥ ሲራባ የኖረ፣ በዓይን የማይታይ ነገር፣ እኔም ውስጥ፣ ያ ሚጢጢ ውሻም ውስጥ፣ አሁንም እየተራባ ነው። ገረመኝ ማለት ያንሳል፤ ፈራሁ።

ቅዳሜ እማዬ ቤት ቀድሜ ደረስኩ፤ ወንድሜ ገመድ ይዞ መጣ። ጉልቤ እጄን ይልሳል፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ወደ ቧንቧ አልሮጥኩም።

"ጉልቤ የትም አይሄድም" አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት።

"የውሻ ሰገራ ስታገላብጪ ለየልሽ በቃ!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ገመዱን እጁ ላይ እየጠቀለለ ጉልቤን ብዙ አየው።

"እኔስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔም ጋ ይኖር ይሆን?"

ከቦርሳዬ ባዶ የናሙና ብልቃጥ አውጥቼ ሰጠሁት።