ከምሳ በፊት የገባ ደብዳቤ

ደብዳቤው አራት መስመር ነበር። ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጠዋት በስብሰባ ላይ የሁለት በሽተኞች ደም ስሙ ተቀያይሮ መገኘቱን ሲናገር እሷን እሷን አየ። ስሟን አልጠራም፤ ማየቱ ግን በቃት። ሐኪሙ ውጤቱ ከሕመሙ ጋር አልገጥም ብሎት ባይመልሰው ኖሮ ምን ሊፈጠር ይችል እንደነበር ሲያብራራ፣ እሷ ማዳመጧን ትታ ነበር። በላቦራቶሪው ዘጠኝ ዓመት ደም ስትቀዳ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ መልቀቂያዋን ጻፈችና መዝገብ ቤት ይዛው ሄደች።

መዝገብ ቤት ያሉት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ጡረታቸው የደረሰ ሴት ናቸው። ወረቀቱን አንብበው ማኅተሙን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ምሳሽን በልተሽ ብትመለሺስ?»

«ይምቱበት እትዬ» አለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ባሏ ደወለ። ባሏ የአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ አናጺ ነው። አንዲት ጣውላ ለመቁረጥ ሦስት ጊዜ ስለሚለካ ወንድሞቿ «አቶ ይታሰብበት» የሚል ስም አውጥተውለታል። የራሱን ሥራ ለመጀመር ሦስት ዓመት አስቧል። በመጨረሻም ተማክረው፣ ሥራው እግር እስኪያወጣ አንድ ዓመት ቤቱን እሷ በደሞዟ ልትይዝ ተስማምተዋል። ቀኑን ግን አልቆረጠም ነበር።

«ዛሬ ነገርኳቸው» አላት። «ለቀቅኩ። አንቺ ባትኖሪ አልደፍረውም።»

እንኳን ደስ አለህ አለችው። ስልኩን ዘግታ ደብዳቤዋን ለማስመለስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። እትዬ መዝገቡን ገልጠው አሳዩአት፤ ደብዳቤው ወደ ኃላፊው ቢሮ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ዳድቷቸው ነበር መሰል፣ ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ተዉት።

ኃላፊው አልነበረም። ጸሐፊዋ ቁጭ ብለሽ ጠብቂው አለቻት። በሩ ገርበብ ብሎ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለው ወረቀት ይታያል። ጸሐፊዋ ብድግ ባለች ቁጥር ዘው ብሎ ገብቶ መውሰድ ውል ይላታል። እጆቿን ጭኗ ሥር ቀበረቻቸው።

ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብላ ያሰበችው ገና እዚያ ወንበር ላይ ነው። መጀመሪያ ልጆቿን አሰበች። ከዚያ ሳትፈልገው ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት መጣባት። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶት ስለነበር፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብላ የስም ወረቀቶቹን ደም ከመቅዳቷ በፊት ባዶዎቹ ብልቃጦች ላይ ለጠፈች። ክልክል ነው። አንድ አዛውንት ስማቸው ሲጠራ አልሰሙም፤ ከኋላቸው የነበረው ሰውዬ ገብቶ ተቀመጠ። እሷም ቀድሞ እጇ የገባውን፣ ለአዛውንቱ የተዘጋጀውን ብልቃጥ አነሣች። ስሙን ጠይቃው ነበር? አላስታወሰችም።

ኃላፊው ሲመጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ደብዳቤውን ከቁልሉ መዝዞ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። ልትለምነው ነበር የመጣችው፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«የቀያየርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጠዋት ሲያዩኝ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ግን እኔ ነኝ።»

የማክሰኞውን ነገር አንድ በአንድ ነገረችው።

«ይሄ በቃል አይሆንም፣ ጻፊው» አለ ስትጨርስ። «መልቀቂያሽ ግን እኔ ጋ ይቆያል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው እስኪወስን አልፈርምበትም፤ አልመልስልሽምም።»

ቤት ስትገባ ባሏ ከፋብሪካው ያመጣቸውን የእጅ መሣሪያዎቹን በር ላይ ደርድሮ እየወለወለ ነበር። ቆማ ሁሉንም ነገረችው። እንደ ልማዱ የያዘውን መሣሪያ ወልውሎ እስኪጨርስ ቀና አላለም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ያላሰብኩት ነገር አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «እንጨት ቢወደድ፣ ብታመም፣ ደንበኛ ቢጠፋ። አንቺ የምትናደጂበትን ቀን ግን አላሰብኩትም።»

ከዚያ ሳቀ፤ ቀልዶ ይሁን ጨንቆት መለየት አልቻለችም።

ኮሚቴው አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። እሷ የእያንዳንዱን በሽተኛ ስም ሁለት ጊዜ እየጠየቀች ደም ስትቀዳ፣ እሱ የተከራየውን ባዶ ክፍል ሲጠርግ ከረሙ፤ አንዳቸውም ደህና እንቅልፍ አልተኙም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። መልቀቂያዋም ሳይፈረምበት ከሥሩ ተያይዞ ተመልሶላታል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለባሏ ደወለችና ሥራዋ ላይ እንደምትቆይ ነገረችው።

«እሺ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እሺ» አለ። ስልኩን ሳይዘጋው አስቀመጠው መሰል፣ ወዲያው እንጨት የሚቆርጥ የመጋዝ ድምፅ ተሰማት።