ሁለተኛው ድምፅ

ጎርናናው የጫማውን አፍንጫ አምፑ ሆድ ላይ አሳረፈው። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አሮጌው አምፕ ተንገዳግዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ከመደርደሪያ እንደ ወደቀ የድስት ክዳን ተንጫጩ። ከጫጫታው በታች ግን ያ ጉምጉምታ አልቆመም።

"ይሄን ንብ ከውስጡ አውጣልኝ ብዬሃለሁ" አለ ጎርናናው።

ጠጋኙ ተንበርክኮ አምፑን አቃናው። ጎርናናው የባንዱ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለት ከደረቱ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ነው። ጠጋኙ ደግሞ የባንዱን ዕቃ የሚጠግን፣ ገመድ የሚዘረጋና ድምፅ የሚያስተካክል ሰው ሲሆን የጎርናናው ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። አዳራሹ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ የነበረው ድራመሩ ብቻ ነበር። እሱም ጎርናናው ከአፍታ በፊት በወረወረበት ፔዳል ግንባሩ ተፈንክቶ ከበሮዎቹ ኋላ በመሀረብ ደሙን ይጠርጋል። ጥፋቱ "ሁለት አምፕ ምን ያደርግልሃል? በአንዱ አትጫወትም?" ማለቱ ነበር።

ጎርናናው ግን ሦስት ድምፅ ይፈልጋል። ለዝግታ ዘፈኖቹ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ድምፅ፤ ያን አዲሱ አምፕ ይሰጠዋል። ለፈጣኖቹ ሻካራና የተቆጣ ድምፅ፤ ያን ደግሞ ከአሮጌው በቀር የሚያወጣው የለም፤ ጨምረው ጨምረው ሲያስጨንቁት ነው የሚያምርበት። ዘፈኑን አቁሞ ጊታሩን ብቻ ለሚያስጮህበት ቦታ ሁለቱን አንድ ላይ። ጠጋኙ ለዚሁ ብሎ በእግር የሚረገጥ ማቀያየሪያ በገዛ እጁ ሠርቶለታል። ፊተኛውን ሲረግጥ ጊታሩ ከአዲሱ ጋር ብቻ፣ መካከለኛውን ሲረግጥ ከአሮጌው ጋር ብቻ፣ የመጨረሻውን ሲረግጥ ከሁለቱም ጋር ይገናኛል። ችግሩ የሚመጣው ሲገናኙ ነው። ሁለቱን ከአንድ ሶኬት ላይ ቢሰኳቸው መስመሩ አልችል ብሎ ጠዋት አዳራሹን ጨለማ አድርጎት ነበር። ከሁለት ግድግዳ ሲሰኳቸው ደግሞ በመሬት ሽቦዎቻቸው በኩል ይነታረካሉ፤ ንትርካቸው በስፒከሩ ይወጣል።

"የመሬት ሽቦውን ቁረጠው" አለ ጎርናናው። "ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አድርግ።"

እውነቱን ነው፤ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ጉምጉምታ ያስቸገረው ባንድ ስፒናውን ይፈታል፣ የመሬት ሽቦውን ይቆርጣል፣ ጸጥ ይላል፣ ሥራ ይጀመራል። ይሄ አሮጌ አምፕ ግን ውስጡ ተበልቷል፤ ኤሌክትሪክ ወደ ብረት ገላው ያሾልካል። እስከ ዛሬ ያን ሹልክታ ተቀብሎ ወደ መሬት ሲወስድ የኖረው ያ ሽቦ ነው። ከተቆረጠ፣ የአዲሱ አምፕ የመሬት ሽቦ በማያግዝበት፣ ጊታሩ ከአሮጌው ጋር ብቻ በሚሆንበት በሁለተኛው ድምፅ ላይ፣ ኤሌክትሪኩ ክሮቹ ላይ ተቀምጦ መውጫ ይጠብቃል። ጣቱ ክሩ ላይ ሆኖ ከንፈሩ ማይኩን የነካ ሰው መውጫ ይሆነዋል።

"ባለፈው ሳምንት ነግሬሃለሁ" አለ ጠጋኙ። "ለጥገና ስጠኝ ብዬህ ነበር።"

"ነግረኸኛል፣ ነግረኸኛል። አንተ ጥላህን የምትፈራ ሰው ነህ። እስቲ ስንት ሰው ሲሞት አየህ?" ጎርናናው ጊታሩን አንገቱ ላይ አጠለቀ። "ደግሞ እህትህ እናንተ ጋ ናት አይደል? ሥራ ስጨርስ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ተዘጋጅታ ትጠብቀኝ በላት። በር የሚበቃት መስሏት ከሆነ ተሳስታለች።"

ጠጋኙ በሩን ያውቀዋል። ጎርናናው ሌሊቱን በሩን የዘጋው ጣቶቿ መቃኑ ላይ እያሉ ነበር። አንዴ ዘጋው፤ ከፈተና ደግሞ ዘጋው። ጠዋት ጠጋኙ ቤት ስትደርስ እጇን በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋው ነበር። የጠጋኙ ሚስት ፎጣውን ስትፈታው እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ። እህቱ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችው፤ ፖሊስ ጣቢያ አብሯት እንዲሄድ። ብቻዋን በሄደችባቸው ጊዜያት ታረቁ እያሉ መልሰዋታል፤ ወንድሟ አጠገቧ ከቆመ ግን ይሰሟታል። ጠጋኙም ዛሬ ትልቅ ሥራ እንዳለ፣ የስንቱ ቤት እንጀራ በዚህ ባንድ ላይ እንደሆነ፣ ጥቂት እንድትታገሥና እሱም እንደሚጸልይላት ነገራት። "እሺ ጋሼ" ብላ ፎጣውን በአንድ እጇ መልሳ ለመጠቅለል ስትታገል ነው ትቷት የወጣው።

አሁን ካቻቪቴውን ከኪሱ አወጣ። ማንኛውንም ዕቃ ከመክፈቱ በፊት በልቡ የሚላት አጭር ጸሎት ነበረችው። ዛሬ አላላትም። ስፒናውን ፈታ፤ የመሬት ሽቦውን በጉጠት ያዘ። ራሱ ነው ቁረጥ ያለው። ድራመሩም ሰምቷል። ማን ምን ይለኛል? ማንም።

ቆረጠው።

ንቡ ጸጥ አለ። ጎርናናው ፊተኛውን ረገጠና ክሮቹን በስሱ ዳሰሳቸው፤ የጠራው ድምፅ ባዶዎቹ ወንበሮች መሀል እየተንሸራተተ ሄዶ ከኋላው ግድግዳ ተመለሰ። የመጨረሻውን ሲረግጥ የሁለቱ አምፖች ድምፅ ተደራርቦ ወለሉን አነዘረው። ጎርናናው ፈገግ ብሎ መጣና ጠጋኙን ጉንጩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ሦስተኛዋ ግን ጥፊ ነበረች።

"አየህ? አንተም እንደ እህትህ ነህ" አለው። "ካልተመታህ አትሠራም።"

ከዚያም መካከለኛውን ረግጦ ወደ ማይኩ ሄደ።

ሻካራው ድምፅ ተነሣ። ጠጋኙ ዕድሜውን ሙሉ ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ይህን የመሰለ ግን ከአንድም አምፕ አውጥቶ አያውቅም። ቁጣው ጥልቅ ነበር፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ልቅሶ የሚመስል ነገር ነበረው። ጎርናናው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግራ እጁን ክሮቹ ላይ እንዳደረገ፣ አንገቱን ወደ ማይኩ አሰገገ። ጠጋኙ ደስ አለው። ደስታው ከሆዱ እንደ ትኩስ ነገር ሲወጣ ተሰማው፤ ከቆመበት ያስፈነጠረውም የዚያ ደስታ ድንጋጤ ነው። "ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ይሄ?" ሲል እግሩ ቀድሞት የማይኩን መቆሚያ በእርግጫ መታው።

ማይኩ የጎርናናውን ከንፈር ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ወደ ጎን ተወረወረ።

ጎርናናው ለምን ብሎ አልጠየቀም። የመጀመሪያው ቡጢ የጠጋኙን አፍ አገኘው፤ ጥርሱ ሲሰበር ራሱ ጠጋኙ ሰማው። ሁለተኛው ጣለው። ጊታሩ አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ ጎድኑን በጫማው ደጋገመው፤ በእያንዳንዱ እርግጫ መካከል "በእኔ መድረክ ላይ? በእኔ?" ይል ነበር። ጎርናናው ማይኩ ወዳለበት እንዳይጠጋ ጠጋኙ ሁለት እጁን እግሩ ላይ ጠምጥሞ ያዘው፤ በያዘው መጠን ተረገጠ። ድራመሩ ከኋላ መጥቶ ጎርናናውን በብብቱ ሥር አቅፎ ሲጎትተው ሦስቱም ተያይዘው ወደቁ፤ ጊታሩም ከጎርናናው አንገት አምልጦ በክሮቹ በኩል ማይኩ ላይ አረፈ።

ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። ጥይት የመሰለ ድምፅ አዳራሹን ሰነጠቀው፤ አንድ ክር ተበጥሶ እየተጠቀለለ ጭስ አወጣ፤ የመድረኩ መብራትም ጠፋ።

ጎርናናው በዳዴ ሄዶ የጠቆረውን ማይክ አየው። ከዚያ ከንፈሩን በጣቱ ነካው።

"ልትገድለኝ ነበር" አለ።

"አንተው ነህ ቁረጥ ያልከኝ" ማለት ይቻል ነበር፤ ድራመሩም ይመሰክርለታል። ጠጋኙ ደሙን ተፋ።

"አዎ" አለ። "ነበር።"

ጎርናናው ቀጥሎ የተናገረበት ድምፅ ጠጋኙ በዚያ ሁሉ ዓመት ሰምቶት የማያውቀው፣ የለሰለሰ ነበር፤ ሰው ሊገባ ነው፣ ሽቦውን መልሰህ ቀጥለው፣ የሆነው ሁሉ በእኛ በሦስታችን መካከል ይቅር አለ። "የእህትህንም ነገር ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። ቤተሰብ አይደለን? ትንሽ ታገሠኝ።"

ትንሽ ታገሠኝ። ጠጋኙ ጠዋት እሱ ራሱ ለእህቱ የተናገራት ቃል ናት።

ጎድኑን ይዞ ተነሣ፤ ወደ አሮጌው አምፕ ሄደ። ስፒናውን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ገመዱን ከአምፑ ጀርባ ከሥሩ፣ ማንም ሊቀጥለው እንዳይችል አድርጎ በጉጠቱ ቆረጠው።

"ኧረ በናትህ" አለ ድራመሩ። "በምን ሊጫወት ነው?"

"በአንዱ ይጫወት።"

ውጭ ፀሐይ ነበር። በር ላይ ትኬት የሚቆርጡ ሰዎች ፊቱን አይተው መንገድ ለቀቁለት። ስልኩን አውጥቶ እህቱ ጋ ደወለ፤ አነሣችው።

"ልበሺና ጠብቂኝ" አላት። "ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።"

"ጋሼ? ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ስመጣ ታዪዋለሽ።"

እህቱ በዝግታ፣ እንደገና እንዳይመልሷት ምን ብላ እንደምትነግራቸው ጠየቀችው።

"ያደረገሽን ሁሉ ንገሪያቸው" አለ። "አንቺ ስትጨርሺ እኔ ደግሞ ያደረግሁትን እነግራቸዋለሁ።"