በሃምሳው የጾመች ሴት

«በሃምሳው እንኳ እህል ሳትቀምስ ትውል ነበር» አሉ የሟቿ ጎረቤት ወይዘሮ አስካለ፣ ጾመኝነቷን ሲያመሰግኑ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ «ነፍስ ይማር» አለ። መሪጌታ ስመኘው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም እንደሌለ ሊያስተምሩ ቃጣቸውና ሙት ወቃሽ መባልን ፈርተው ተዉት።

የሟቿ ልጅ ያምሮት ልቅሶዋን አቋርጣ ቀና አለች። ማንኩሳ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ ነገር ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት። እናቷ ንግሥቴ ጾም አክባሪ ነበረች እንጂ ጾም ፈጣሪ አልነበረችም። የፋሲካ ዶሮ ላይማ ማንም አይቀድማትም ነበር። ታዲያ በሃምሳው ምን አስጾማት?

አምና ጤና ጣቢያው የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ሲያደርግ እናቷን ጎትታ የወሰደቻት ያምሮት ናት። ንግሥቴ «የወለድኋት ልጅማ አታየኝም» ስላለች ሌላ አዋላጅ አየቻት። ደህና ናት ተባለ። «እንግዲህ ሙሉ ጤነኛ ነኝ» ብላ እየሳቀች ወጣች። ስለ አንጀቷ የጠየቃት የለም፤ በዚያ ክፍል የሚጠየቀው ስለ ማህፀን ብቻ ነው። ሐኪሞች የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው ሲሉ ሆዷ ተነፍቶ፣ ጊዜው አልፎ ነበር።

ለቀስተኛው ሲሳሳ ያምሮት የእናቷን ታናሽ እህት ካሰችን ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

«አክስቴ፣ እማ በሃምሳው ለምን ነበር የማትበላው?»

«ዛሬ ምን አስጠየቀሽ?»

«እንዲያው ልወቅ።»

ካሰች ወደ በሩ አየች። «ከበላች ደጅ መውጣት አለ፤ በወጣች ቁጥር ደም። ኪንታሮት ነው ብለን ከቡሬ ቅጠል አመጣን። ሳትበላ ስትውል ቀለል ይላታል። ሰው ጾመኛ ሲላት ዝም አለች፤ ምን ትበል? መኸሩ ይግባና ሐኪም እናያለን እንዳልን ቀረ።»

«ለኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንች አዋላጅ አይዶለሽም? ይህ ከወሊድ ምን አገናኘው?»

ያምሮት ተናደደች፤ በእናቷም፣ በአክስቷም፣ በምትሠራበት ክፍልም። ንዴቱ ሳይበርድላት ግን አንድ ነገር ገረማት። ካሰች ከቀብሩ ጀምሮ እህል አልነካችም። ሰው ሁሉ ከኀዘን ቆጥሮላታል።

«እርስዎስ ደም ያያሉ?» አለች ቀስ ብላ።

ካሰች ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንዳንዴ ይተወኛል» አለች።

ያምሮት የአክስቷን እጅ ያዘች። እናቷን ቀብራ ሳትጨርስ ሁለተኛ እናቷን ልትቀብር ነው። «የእማ በሽታ በቤተሰብ ሊመጣ ይችላል። ምናልባት ሌላ ነገርም ይሆናል፤ ሳይታይ አይታወቅም። በጊዜ ከተገኘ ይታከማል። ነገ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«ሠልስት ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። መኸር ጠብቃችሁ አየነው።»

በማግሥቱ ለቀስተኛ ሳይሰበሰብ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ክፍት የነበረው መቀመጫ ስፖንጁ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ካሰች ልትቀመጥ ስትል ፊቷ ተኮማተረ። ያምሮት ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጣጠፈችና ብረቱ ላይ አነጠፈችው። ተሳፋሪው ኀዘንተኛዋን ዞሮ አያት።

«ይቀመጡ፣ አክስቴ» አለች።