ዝም ያሰኘሁት ዩፒኤስ

እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ማውዙ እጅ የሚያደክም ከሆነ ያደክማል እላለሁ፤ ገመዱ በሳምንቱ ከተላጠ ተላጠ እላለሁ። የኮምፒውተር ዕቃ የምገዛበት ሱቅ ደንበኞች ስለገዙት ነገር አስተያየት የሚሰጡበት ገጽ አለው፤ ባለሱቁ እኔን እዚያ ላይ ሲያየኝ ራሱን ያመዋል። «አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽ ከፒንሳ ይብሳል» ይለኛል። ቢሆንም አዲስ ዕቃ ሲገባለት መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔው ነው። ባሌ ደግሞ «አንድ ቀን እኔንም ኮከብ ቀንሰሽ ትለጥፊኛለሽ» እያለ ይስቃል።

ሥራዬ ቤቴ ተቀምጬ የሰው መጽሐፍ መተየብ ነው። መብራት ጠፋ ማለት የዋልኩበት ገደል ገባ ማለት ስለሆነ ዩፒኤስ ገዛሁ፤ መብራት ሲሄድ በውስጡ ባለው ባትሪ ኮምፒውተሩንና ራውተሩን ለጥቂት ጊዜ ይዞ የሚያቆይ ሳጥን ነው። ወደድኩት። አንድ ነገሩ ብቻ አንገፈገፈኝ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ጲጵ ጲጵ እያለ ጆሮ ይበሳል። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዕቃው ምርጥ ነው። ጩኸቱን ግን ለጠላትም አይስጥ። የፊት ለፊቱን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት፣ ጸጥ ይላል። ዝም አይነቅዝም።» በገዛ ቀልዴ ራሴው ሳቅኩ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ስተይብ ስልኬ ላይ መልስ መጣ። «የእማዬ ልጅ» የሚል ስም ያወጣ ሰው ነው።

«እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ያልሽውን አደረግኩ፤ እናቴን ገና ዛሬ እንቅልፍ ወሰዳት። የምትተነፍስበት የኦክስጅን ማሽን የተሰካው እዚህ ዩፒኤስ ላይ ነው። የማሽኑ የራሱ ማስጠንቀቂያ ከተበላሸ ቆይቷል። እስከ ዛሬ ዩፒኤሱ ሲጮህ ከሳሎን ሮጬ ያለ መብራት ወደሚሠራው የኦክስጅን ሲሊንደር እቀይርላት ነበር፤ ጩኸቱ ግን አሰቃያት። አሁን ሰላም ሆነ። እኔም ጋደም ልበል።»

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። «እሰይ፣ እማማ ይተኙ» ልለው ስል ነው ነገሩ የገባኝ። «ሲጮህ ከሳሎን ሮጬ» ነው ያለው። ካልጮኸስ በምን ያውቃል? በጠራራ ፀሐይ አምፖል በራ አልበራ ብሎ የሚያይ ሰው የለም።

ቀና ስል ማራገቢያዬ ቆሟል። ዞር ብዬ የራሴን ዩፒኤስ አየሁት፤ አረንጓዴው ምልክት ቢጫ ሆኗል። በባትሪ ነው የምሠራው። ከመቼ ጀምሮ? እኔ እንጃ! አፉን ዘግቼው ማን ይንገረኝ? በመስኮት አንገቴን አወጣሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ታፋሽካለች።

«መብራት ከሄደ ቆየ እንዴ?»

«ኧረ ቆየ! የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ከተማው እንዳለ ነው አሉ።»

የእኔ ዩፒኤስ የተሸከመው ቀላል ነገር ነው። የኦክስጅን ማሽን ግን ያንን ባትሪ ግጥም አድርጎ ነው የሚጠጣው።

«ወንድሜ ተነስ! መብራት የለም! እናትህን እያቸው!» ብዬ ጻፍኩ። አላየውም። ደገምኩት። የተኛ ሰው ምን ያያል? ለባለሱቁ ደወልኩ።

«የእማዬ ልጅ የሚባለው ደንበኛህ፣ ካንተ ዩፒኤስ የገዛው፣ ስልኩን ስጠኝ።»

«ደግሞ ማንን ልትሰድቢ ነው? የደንበኛ ስልክ አልሰጥም።»

«እናቱ ሊሞቱ ነው!»

«ምን?»

«ዩፒኤሱን ዝም አሰኘው፤ እኔ ነኝ የመከርኩት! እናቱ የሚተነፍሱት በእሱ ነው! በሞቴ፣ በልጆችህ፣ ቁጥሩን ስጠኝ!»

«ቤታቸውን አውቀዋለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «እናቴን ጥዬ መውጣት አልችልም ሲለኝ ዕቃውን ያደረስኩለት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ልኬልሻለሁ። አንቺ ደውይ፣ እኔ በሞተር እሄዳለሁ።»

ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። ስንቴ እንደደወልኩ አላውቅም። ፈራሁ፤ ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። በዓይኔ አይቻቸው የማላውቃቸው ሴትዮ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲፈልጉ ይታዩኛል። «አምላኬ፣ ምነው ያን ቀን እጄን በሰበርከው!» እያልኩ የስልኩን መደወያ እጫናለሁ።

አነሳው። እንቅልፍ የተጫነው ድምፅ ነው።

«ማን ልበል?»

«መብራት የለም! እናትህ ጋ ሂድ! ሩጥ!»

ስልኩ ወለል ሲመታ ሰማሁ። የእግር ኮቴ፣ የሚበረገድ በር። «እማዬ! እማዬ!» ከዚያ ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ «ተንፍሺ! እማዬ፣ ተንፍሺ!» ከዚያ የወንድ ልቅሶ። ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣብቄ «እማማ፣ እባክዎ፣ እባክዎ» እላለሁ። ማን ሊሰማኝ?

ቆይቶ ሳል ሰማሁ። ቀጭን፣ የደረቀ ሳል። ከዚያ ሌላ። አለቀስኩ።

ልጁ ስልኩን ያነሳው ብዙ ቆይቶ ነው። «ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር» አለኝ። «አሁን ዓይኗን ገልጣለች። ባለሱቁ ደርሷል፣ ሐኪም ቤት ልንወስዳት ነው። አንቺ ማነሽ?»

«ያንን ምክር የጻፍኩት ነኝ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። «እሺ» ብቻ ብሎ ዘጋው።

ጽሑፌን ላጠፋ ገጹን ከፈትኩ። ከሥሩ «ጠቅሞኛል» የሚለውን የተጫኑ ሰዎች ቁጥር ተቀምጧል። ከመቶ በላይ ናቸው። ስም የለ፣ አድራሻ የለ፤ የማን ቤት፣ የማን አልጋ እንደሆነ አይናገርም። መብራቱም ገና አልመጣም። ለባለሱቁ መልሼ ደወልኩ።

«ያንን ዩፒኤስ የሸጥክላቸውን ሰዎች ስልክ ላክልኝ።»

«የማንን?»

«የሁሉንም።»

ያሾፍብኛል ብዬ ነበር። «ግማሹን እኔ እደውላለሁ» አለኝ።

የመጀመሪያው ሰው የሚተይብ ተማሪ ነው፤ ሳቀብኝ። ሁለተኛው ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ዘጋብኝ። ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። «አያውቁኝም፣ ይቅርታ» አልኳት፤ «መብራት ከሄደ ቆይቷል፤ ዩፒኤሱ ላይ የተሰካ የሕመምተኛ ማሽን ካለ...»

«ውይ አባዬ!» አለችና ስልኩን ጥላ ስትሮጥ ሰማሁ።