ጥድ በርን ማን አቀናት

መምህር መርስዔ ኃዘን ጡረታ ከወጡ ወዲህ የያዙት ሥራ የጥድ በርን ታሪክ መጻፍ ነበር። ጥድ በር ማለት እንግዲህ ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ሲኬድ፣ መንገዱን ተከትሎ የተሰደረ ቆርቆሮ ነው። ከተማ ከተባለ ግን ታሪክ አያጣም። በዘጠና ሰባት ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ፣ "እስከ ሐሙስ ያድርሱልን፣ እናሳትመዋለን" አላቸው።

ያስቸገራቸው የመጀመሪያው ገጽ ነው። ስድስት ሽማግሌ "ከተማዋን ማን አቀናት?" ብለው ቢጠይቁ፣ ስድስቱም የየራሳቸውን አያት ጠሩ። አይፈረድባቸውም። በመንዝ አቅኚ ማለት የርስት አባት ነው፤ መሬት የመንግሥት ከሆነ ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም፣ ጥያቄውን የሰማ ሁሉ ድርሻ የሚቀርበት ይመስለዋል። መምህሩም የመንዝ ሰው ናቸውና ገጹ ላይ የራሳቸውን አያት፣ አቶ አበጀን፣ ጽፈው ነበር።

ማክሰኞ እማማ ኮከቤ ዘንድ ሄዱ። እሳቸው በዕድሜ ከከተማዋ ይበልጣሉ።

"እማማ፣ ጥድ በርን ማን አቀናት?"

"አንተ ልጅ፣ ርስት ልትሟገት ነው? አርፍደሃል!" ብለው ሳቁባቸው።

መምህሩ አፍረው ሊነሡ ሲሉ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ "ድሮ ገበያተኛው ዝናብ ሲይዘው የት ይጠለል ነበር?" አሉ።

"ጥሩሸዋ ቤት ነዋ! ከጠላ ሻጯ። ሌላ ቤት መች ነበርና? አያትህ አበጀም በቅሎውን እሷ ደጅ ነበር የሚያስር። እዚህ ቤት የሠራው ስድስት ዓመት ከጠጣላት በኋላ ነው።"

በማግሥቱ መምህሩ ሽማግሌዎቹን ዞረው፣ ማን አቀናት ማለቱን ትተው ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ስድስቱም ሳይማከሩ፣ "ጥሩሸዋ ቤት" አሉ።

ማታ እስክሪብቶ ሲያነሡ ታላቅ እኅታቸው እትዬ ፀሐይወርቅ ከአጠገባቸው ነበሩ፤ መምህሩ የእማማ ኮከቤን ወሬ አንድም ሳያስቀሩ ነግረዋቸዋል።

"ያባታችንን አባት ልትሰርዝ? ለጠላ ሻጭ ብለህ? ነገ ቤተ ዘመዱ ፊት ምን ይዘህ ትቆማለህ?"

መምህሩ ስሙ ላይ እስክሪብቶውን እንዳሳረፉ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ሰረዙት። "የመጀመሪያዋ ቤት የወይዘሮ ጥሩሸዋ ነበረች" ብለው ጻፉ፤ ዝቅ ብለው ደግሞ አንድ መስመር ጨመሩ።

እትዬ ፀሐይወርቅ ፊደል አይለዩምና፣ "እሱስ ምንድን ነው?" አሉ።

"አያታችን ናቸው። አልወጡም።"

"ምን ተብለው ገቡ?"

"ደንበኛ።"

እኅትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሳቅ ይሁን ቁጣ አልታወቀም።

"ስድስቱን ዓመትም ጽፈኸዋል?"

"ጽፌዋለሁ።"

"እንግዲያስ በቅሎዋንም ጻፍ። በእግራቸው የመጡ እንዳይመስል።"

ሐሙስ ጠዋት መምህሩ ወረቀቱን ከነበቅሎዋ ለማዘጋጃ ቤቱ አስረከቡ።